«ተው አለቃ!» እያለ ላባውን የሚነጨው በቀቀን

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ላላነበቡት ባጭሩ ላስቀምጠው። አባትሽ ጡረታ ወጥተው ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ወዳለው ቤታቸው ተመለሱ። አብሯቸው አለቃ የሚባል የዘጠኝ ዓመት ግራጫ በቀቀን መጣ። ከጥቅምት ጀምሮ የደረቱን ላባ መንጨት ጀመረ፣ አሁን ጥር ላይ ደረቱም ጭኑም ለወጥ የተነጨ ዶሮ መስሏል። ጭንቅላቱና ቀዩ ጭራው ግን እንዳለ ነው። ምግቡ ሱፍ፣ ኦቾሎኒና ዳቦ ነው። ሲያጫውተው የነበረው ታናሽ ወንድምሽ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። አንዱ ጎረቤት «ዓይን በልቶት ነው» አለ፣ ሌላው «ላምባ ቀቡት» አለ፣ ሦስተኛው የበግ መርፌ እናስወጋው ብሏል። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ መጨረሻ ላይ የጻፍሽው ነው፤ ላባውን ሲነቅል ራሱ «ተው አለቃ! ተው!» ይላል።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሥራዬ በአብዛኛው የመንዝ በግና የእንቁላል ዶሮ ነው፤ በዚህ አገር በቀቀን ይዞ የሚመጣ ሰው በዓመት አንድ ቢገኝ ነው። ቢሆንም ላባ የሚነጭ ወፍ የዶሮ ሐኪም ሳይወድ በግዱ የሚማረው ነገር ነውና የማውቀውን ልንገርሽ። ረጅም ነው፣ ቡና አስፈልቺና አንብቢው። (ቡናውን ግን አለቃ ያለበት ክፍል ውስጥ አታፍዪ፣ ምክንያቱን እደርስበታለሁ።)

ከሁሉ በፊት ላምባውን አስወግዱ። ላምባ፣ ፍሊት፣ የበግ ቅማል መድኃኒት፣ ቫዝሊን፣ ቅቤ፣ አንዱም ወፍ ላይ አይቀባም። ወፍ ላባውን የሚያጸዳው በአፉ ነው፤ የቀባሽውን ሁሉ ይውጠዋል። ቅቤማ ምን ይጎዳል እንዳትይ። ላባ በቅባት ከተጣበቀ ሙቀት መያዙን ያቆማል። በደብረ ብርሃን ውርጭ ደግሞ ይሄ ወፉን ደጅ ከማሳደር አይሻልም።

የበጉ መርፌ አይቨርሜክቲን የሚባለው የተባይ መድኃኒት ነው መሰለኝ። አብረን እናስላው። በአንድ ሚሊ ሊትሩ ውስጥ 10 ሚሊ ግራም መድኃኒት አለ። አለቃ 400 ግራም ይመዝናል እንበል። በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ብንይዝለት የሚደርሰው 0.08 ሚሊ ግራም ነው፤ በመርፌ ሲለካ 0.008 ሚሊ ሊትር። የአንድ ሚሊ ሊትር መቶኛ እንኳ አይሞላም! ይሄን በበግ መርፌ በዓይኑ ገምቶ የሚወጋ ሰው ካለ ወፉን ይገድለዋል፣ ከዚያ «በሽታው ጸንቶበት ነበር» ይባላል።

ደግሞስ ዘጠኝ ዓመት ቤት ውስጥ ለብቻው የኖረ በቀቀን ተባይ ከየት ያመጣል? ከጓሮ ዶሮ ካልመጣበት በቀር። ዶሮ ካላችሁ ግን ፈትሺ። ሌሊት እየወጣ ደም የሚመጥ፣ ቀን ስንጥቅ ውስጥ የሚደበቅ ጥቃቅን ቀይ ተባይ አለ። ማታ ከኬጁ ሥር ነጭ ጨርቅ አንጥፊ፣ ሊነጋጋ ሲል በባትሪ እዪው። የሚሄድ ቀይ ነጥብ ካየሽ ጻፊልኝ። ካላየሽ የተባዩን ነገር ተዪው።

ይሄን አፌን ሞልቼ የምናገረው ራሴ ስለተሳሳትኩበት ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሰው ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን አመጣልኝ፤ በደብረ ሲና በኩል ወፍ ዋሻ ጫካ ውስጥ የጽድ ፍሬና ሾላ ሲለቅሙ የሚታዩት ዓይነት። (ከጫካ ማን እንዳመጣው አልጠየቅኩም፣ መጠየቅ ነበረብኝ።) ደረቱ መላጣ ነበር። አይቼ ሳልጨርስ ተባይ ነው አልኩና መድኃኒት ሰጠሁ። በወሩ መጣ፣ ያው ነው። ጨመርኩለት። በሦስተኛው በሌላ ጉዳይ ሰፈራቸው ሄጄ ቤታቸው ጎራ ስል፣ የወፏ ኬጅ የት ተሰቅሎ አገኘሁት? ማድ ቤቱ በር ላይ፣ ከምድጃው ትይዩ! ቀኑን ሙሉ የኩበት ጭስ ትጠጣለች። ከዚያ ካነሷት በኋላ ላባዋ ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹ አልተመለሰም። እኔ ሦስት ወር ስላባከንኩባት ይመስለኛል።

አሁን ወደ አለቃ እንምጣ። ከጻፍሽው ሁሉ ትልቁ ፍንጭ ጭንቅላቱ ነው። ጭንቅላቱ ሙሉ፣ የተቀረው መላጣ ከሆነ የሚነጨው ራሱ ነው፤ የገዛ ጭንቅላቱን በገዛ ምንቃሩ ሊደርስበት አይችልማ። ጭንቅላቱም ቢመለጥ ኖሮ ወይ ሌላ ወፍ ይነጨዋል ወይም የላባውን ሥር የሚያበላሽ ሕመም አለበት እል ነበር፤ በቀቀኖችን የሚይዝ ላባና ምንቃር የሚያጠፋ ቫይረስ አለ፣ እሱን እፈራ ነበር። የላባ ለውጥ ጊዜ እንዳይሆንም አስቤ ነበር። ላባ የሚለውጥ ወፍ ግን ግራና ቀኙን እኩል ነው የሚያራግፈው፣ ሥሩ ላይም እሾህ የመሰለ አዲስ ላባ ይታያል እንጂ ቆዳው ወለል ብሎ አይቀርም።

ራሱ መንጨቱን ካወቅን ጥያቄው «ለምን?» ነው። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ «ናፍቆት ነው» ብሎ ይቸኩላል። ወንድምሽ በጥቅምት ሄደ፣ ወፉ በጥቅምት መንጨት ጀመረ፣ አለቀ! አይደለም። በጥቅምት ሌላ ምን ምን ተፈጠረ? «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባልበት ብርድ ገባ። ከሰል ሳሎን ገባ። በርና መስኮት ተዘጋ። ዝናቡ ቆመና አየሩ ደረቀ። ፀሐይ ላይ ይወጣ የነበረ ወፍ ብርዱን ተፈርቶ ቤት ውስጥ ቀረ። ይሄ ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ ነው የሆነው። ናፍቆቱ የለም አላልኩም፣ አለ፣ ግን ከተራው ይምጣ። መጀመሪያ አካሉ፣ ቀጥሎ አየሩና ምግቡ፣ ሆዱ የባሰው እንደሆነ ከዚያ በኋላ ነው የሚጠየቀው።

አካሉን ቤት ውስጥ በሁለት ነገር ትከታተዪዋለሽ። አንደኛው ሚዛን ነው። የማድ ቤት ዲጂታል ሚዛን ላይ ትንሽ ሣጥን አድርጊ፣ ጠዋት ከመብላቱ በፊት በየቀኑ መዝኚና ጻፊው። ላባ የሌለው ወፍ ለመሞቅ ብዙ ጉልበት ያቃጥላል። ወፍ ደግሞ ሕመሙን ደባቂ ነው፤ ዱር ውስጥ ታመምኩ ያለ ወፍ ጭልፊት ነው የሚጎበኘው። ከክብደቱ አሥር ከመቶ ከቀነሰ፣ ለምሳሌ ከ400 ወደ 360 ከወረደ፣ ሳምንት አትጠብቂ። ሁለተኛው ኩሱ ነው። ነጭ ወረቀት አንጥፊለት። ጤነኛው ሦስት ነገር አለው፦ አረንጓዴ ወይም ቡናማው ደረቅ ክፍል፣ ነጩ ኖራ የመሰለው፣ እና ጥቂት ውሃ። ነጩ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሎሚ አረንጓዴ ካደላ ጉበቱን ጠርጥሪ። ኦቾሎኒ የሚበላ ወፍ ስለሆነ ይሄን አጥብቄ ነው የምልሽ፤ ኦቾሎኒ ሲሻግት የሚያወጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለ፣ የሚያጠቃውም ጉበትን ነው። ሻጋታው በዓይን ላይታይም ይችላል። ኦቾሎኒውን ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ።

የምርመራውን ነገር በሐቅ ልናገር። ደብረ ብርሃን ላይ እኛ የኩስ ምርመራ እንሠራለን፣ ቆዳውንም ፍቀን እናያለን። የደምና የጉበት ምርመራ፣ ራጅ ካስፈለገ ግን ቢሾፍቱ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ብትሄዱ ይሻላል። ወፍ የሚያይ ሐኪም መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ እስከ አዲስ አበባ ያለው 130 ኪሎ ሜትር ብቻውን ለተነጨ ወፍ ቀላል መንገድ አይደለም። ስትሄዱ ኬጁን በጨርቅ ሸፍኑት፣ መኪናው ውስጥ መስኮት አትክፈቱ፣ የሚበላውን የምግብ ናሙናና የኬጁን ፎቶም ያዙ።

ኬጁን ያልኩት ለምን መሰለሽ? ብየዳ ቤት ያሠራችሁት ነው ብለሻል። ሽቦው አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዚንክ የተለበጠ ከሆነ በቀቀን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሽቦ የሚያኝክ ፍጥረት ስለሆነ ዚንክ ይመርዘዋል። የተቀባ ከሆነም ቀለሙ ውስጥ ሊኖር የሚችለው እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያሳስበኛል። የሚላላጥ ቀለም ወይም ነጭ ዱቄት ካየሽ፣ በሆምጣጤና በብሩሽ አጥበሽ በውሃ ማለቅለቁ ዚንኩን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ቢቻል አይዝጌ ብረት ይሻላል። ውድ ነው፣ አውቃለሁ።

አየሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የኛ አገር ችግር ትልቁ እሱ ነውና። ወፍ ሳንባው ከኛ ይለያል። ከሳንባው የሚቀጥሉ የአየር ከረጢቶች በየሰውነቱ ተዘርግተውለታል፤ አየር ሲያስገባም ሲያስወጣም ኦክስጅን ይወስዳል። ለመብረር የተሰጠው ጸጋ ነው፣ ጭስ ያለበት ቤት ውስጥ ግን መከራው ይሆናል። አንቺን ትንሽ የሚያስነጥስሽ ጭስ እሱን ያሳምመዋል። ቡና በቀን ሦስቴ ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከሰሉ ሳሎን ያድራል፣ ከጓሮ የኩበት ጭስ ይገባል፣ ይሄ ሁሉ እዚያው አለቃ ባለበት። ከሰሉማ ለእናንተም አደገኛ ነው፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ነገር በየክረምቱ ስንት ቤት ይዘጋል። የማይጣበቅ መጥበሻ ካላችሁ ደግሞ ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ይገድላል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለ እጁን ሳይታጠብ ወፉን አይንካ፤ ጣት ላይ የቀረው ኒኮቲን ቆዳውን ያሳክከዋል።

ስለዚህ ኬጁ ቡና የማይፈላበት፣ ከሰል የማይገባበት ክፍል ይሁን። «ታዲያ በምን ይሙቀው?» ትዪኛለሽ። ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከኬጁ ውጭ አስጠጊለት፣ የኬጁን ሦስት ጎን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኚ። ብርድ ልብስ የደብረ ብርሃን ሰው አያጣም፤ ግን ጸጉራም ወይም ክሩ የሚመዘዝ አይሁን፣ ጥፍሩ ይያዛል፣ ክሩንም ይውጠዋል። መስኮት ሥር ወይም በር ፊት ለፊት አታስቀምጪው። ንፋሱ ነው የሚጎዳው።

ድርቀቱ ሌላው ነው። ግራጫው በቀቀን አገሩ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ዑጋንዳና ምዕራብ ኬንያ ያለው እርጥብ ጫካ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የኛ እንኳን ከንፈር ይሰነጠቃል፣ የሱ ቆዳ ምን ይሁን? ደረቅ ቆዳ ያሳክካል፣ የሚያሳክክ ወፍ ደግሞ እከኩን የሚያክው በምንቃሩ ነው። በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ ለብ ያለ ንጹህ ውሃ በአዲስ መርጫ እንደ ካፊያ አርከፍክፊበት። ፊቱ ላይ ሳይሆን ከላይ፣ እንደ ዝናብ። ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት መድረቅ አለበት፣ እርጥብ ሆኖ ብርድ እንዳያገኘው። አባትሽ ጸበል እንረጨዋለን ብለዋል ብለሻል። አልከለክልም፣ ለብ ያለ ይሁን እንጂ!

ፀሐይም ያስፈልገዋል። በመስታወት የገባች ፀሐይ አትቆጠርም፤ ወፉ ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ግራጫ በቀቀን ደግሞ ካልሲየም የሚያጥረው ዘር ነው፣ ሲብስበት ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል። ረፋዱ ላይ ንፋስ በሌለበት ግቢ ሃያ ደቂቃ ከነኬጁ አውጡት፣ ግማሹ ጥላ ይሁን፣ ሰው ሳይለየው፤ ድመቱም ጭላቱም አለ።

ምግቡ። ሱፍ ለበቀቀን እንደ ቅባት ምግብ ነው፤ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ይጣፍጠዋል፣ ያወፍረዋል፣ ቫይታሚን ኤም ካልሲየምም ግን የለውም ማለት ይቻላል። ቫይታሚን ኤ ያጣ ወፍ ቆዳው ይደርቃል፣ ይፈገፈጋል። መድኃኒቱ ደግሞ ጓሯችሁ ውስጥ አለ፦ ሐበሻ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ። ቃሪያም ስጪው፣ አትፍሪ። ቃሪያን የሚያቃጥለውን ነገር ወፍ አይሰማውም፤ ሚጥሚጣውንም ቢሆን እንደ ለውዝ ይቆረጥመዋል፣ አባትሽን ማስገረም ከፈለግሽ ሞክሪው። የምስርና የስንዴ በቆልት በጣም ጥሩ ነው፣ በቀን ሁለት ሦስቴ እያለቀለቅሽ፣ ከሸተተ ጣዪው። ባቄላ የተቀቀለ ብቻ። ጓያ በጭራሽ። የተቀቀለ እንቁላል በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ትንሽ፤ ጾም ነው ብላችሁ እንዳትከለክሉት፣ እሱ ላይ የተጻፈ ጾም የለም። አቮካዶ፣ ቸኮሌት፣ ቡና፣ ሽንኩርት፣ ጨው የገባበት ወጥ አይቅመስ፤ አቮካዶ ወፍን ይገድላል። ሱፉን ባንድ ቀን አትቁረጪበት፣ የማያውቀውን ምግብ ከመብላት ጦሙን የሚያድር ግትር ወፍ ነው። በየሳምንቱ ትንሽ ቀንሺ፣ ሚዛኑን እያየሽ።

አሁን ወደ ምንቃሩ ሥራ። የእንቁላል ዶሮ የያዘ ሰው ይሄን ያውቀዋል፦ ሃምሳ ዶሮ ጠባብ ቤት አስገብተሽ የተፈጨ መኖ ትሰጫለሽ፣ በግማሽ ሰዓት ጠግበው ይጨርሳሉ፣ የተቀረውን ቀን ምን ይሥሩ? አንዷ የሌላዋን ጅራት መንጨት ትጀምራለች። መሬት እየጫረች ስትለቅም መዋል የነበረባት ዶሮ መልቀሚያ ስታጣ ጓደኛዋን ትለቅማለች። እኔ ለእንዲህ ያለው ቤት መድኃኒት አልሰጥም፣ ጥቅል ጎመን በገመድ አንጠልጥሉ ነው የምለው፤ ዘለው ዘለው እስኪጨርሱት ይውላሉ። አለቃም ያው ነው፣ ልዩነቱ ጓደኛ ስለሌለው ራሱን መልቀሙ ነው። ጫካ ቢሆን ኖሮ የቀኑን ትልቁን ክፍል ሲበር፣ ሲፈልግ፣ ሲፈለቅቅ ይውል ነበር። እናንተ ጋ ሳህን ሙሉ ሱፍ ቀርቦለት በሃያ ደቂቃ ይጨርሳል።

ሳህኑን አንሺው። ምግቡን እንዲፈልገው አድርጊ። ጥቂት ሱፍ ቀለም በሌለው ወረቀት ጠቅልለሽ ጠምዝዢና በየሽቦው ወሽቂ። የበቆሎ ቆሮቆንዳ ቀዳዳው ውስጥ ምስር እየሰካሽ ስጪው። የአሮጌ ሰሌን ቁራጭ አጥበሽ አንጠልጥዪ፣ ሲበጣጥሰው ይውላል። ከሁሉ የምወደው ስንደዶ ነው። ስፌት የሚሰፋ ዘመድ ከሌለሽ ገበያ ላይ ታገኚዋለሽ፤ ያልተቀለመውን እሰሪና በጭብጥ በጭብጥ ስጪው። ላባ ይመስላል፣ በምንቃር ይሰነጠቃል፣ ድምፅም አለው። ያ የመንጨት ጉጉቱ ወደ ስንደዶው እንዲዞር ነው የምንፈልገው። መቆሚያውንም ከአንድ ለስላሳ ዱላ ወደ ሁለት ሦስት የተለያየ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ለውጪው፤ የወይራ ወይም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ከነልጡ፣ መድኃኒት ካልተረጨበት ቦታ፣ ታጥቦ። ልጡን ልጦ ይጨርሰዋል። ይጨርሰው! በየሳምንቱ ቀይሪለት። አዲስ ነገር ስታስገቢ ግን መጀመሪያ ከኬጁ ውጭ አሳዪው፣ ግራጫ በቀቀን ፈሪ ነው፣ ድንገት ያየውን ነገር ፈርቶም ላባውን ሊነቅል ይችላል።

እንቅልፍ እንዳልረሳ። ቴሌቪዥኑ ሳሎን ነው፣ አለቃም ሳሎን ነው፣ ዜናው፣ ድራማው፣ ከዚያ እግር ኳሱ፣ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት። እሱ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ጨለማና ጸጥታ ያስፈልገዋል። ሌላ ክፍል ይደር።

«ተው አለቃ!» የሚለው ነገር ላይ ደረስኩ። ንስሐ እየገባ እንዳይመስልሽ። አባትሽ ሲነጭ ባዩት ቁጥር ከወንበራቸው ተነስተው «ተው አለቃ! ተው!» እያሉ ይመጡ ነበር አይደል? ቤቱ ጭር ባለበት፣ ወንድምሽ በሌለበት፣ አንድ ሰው ዞር ብሎ እንዲያየው የሚያደርግ ነገር አገኘ፦ ላባ መንቀል። ቃሉንም ከነገሩ ጋር አያይዞ ተማረው። ስሙን ከአለቃ ገብረ ሃና ወስዳችሁ ከሆነ እንደ ስሙ ሆኗል። ይሄ ማለት ሆን ብሎ ያታልላችኋል ማለት አይደለም፤ መጀመሪያ ያሳከከው ወይም የጨነቀው ነገር ነበር፣ የእናንተ ጩኸት ግን አጸናው።

ስለዚህ ሲነጭ ማንም አይናገር፣ ማንም አይነሳ፣ ዓይንም አይሰጠው። ከባድ ነው፣ በተለይ ለአባትሽ። ስንደዶውን ሲበጣጥስ፣ ሲበላ፣ ሲዘፍን ግን ቅረቡት፣ «ጎበዝ አለቃ!» በሉት። ወር ሁለት ወር ስጡት። ስታሻሹት ጭንቅላቱንና አንገቱን ብቻ እሹት፤ ጀርባና ከክንፍ በታች መዳበስ ለበቀቀን የመጣመር ጥሪ ነው፣ አጉል ያነሳሳዋል፣ ያም ያስነጨዋል። ሣጥንና ጨለማ ጥግ ውስጥ ከገባ አውጡት። በነገራችን ላይ ግራጫ በቀቀን ወንድ ይሁን ሴት በዓይን አይለይም፣ አለቃ እመቤት ሆና ልትገኝ ትችላለች፤ ሆዷ ካበጠና ካማጠች እንቁላል ይዟታል ማለት ነውና ወዲያው ወደ ሐኪም።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ በስልክ ድምፁን ማሰማት አንዳንዱን ያጽናናል፣ አንዳንዱን ፍለጋ ያስጀምረዋል። አንዴ ሞክሪና ከዚያ በኋላ ባለው ሰዓት ምን እንደሚያደርግ እዪ። የሚሻለው አባትሽ ቦታውን እንዲወስዱ ነው፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በእጃቸው ያችን የሚወዳትን ሱፍ ይስጡት፣ አጠገቡ ቁጭ ብለው ያውሩት። ጡረታ የወጣ ሰው ወሬ አያጣም። «ሁለተኛ በቀቀን እንግዛለት?» ላልሽው፣ አይሆንም። ሊጣሉ ይችላሉ፣ በሽታ ሊያመጣበት ይችላል፣ አዲሱም ከሱ መንጨት ሊማር ይችላል። ደግሞም በ2016 እ.ኤ.አ. ጆሃንስበርግ በተደረገው የሳይተስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ስምምነት) ጉባኤ ግራጫው በቀቀን ጥብቅ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ተርታ ገብቷል፤ ከ2017 መጀመሪያ ወዲህ ከዱር የተያዘውን በድንበር አሻግሮ መነገድ ክልክል ነው። ገበያ ላይ በርካሽ የሚቀርብልሽ ወፍ ከየት እንደመጣ መገመት አያቅትሽም።

አንገቱ ላይ የሚታሰረውን ቆብ የመሰለ ፕላስቲክ አልመክርም። ቆዳውን ነክሶ ማቁሰል ከጀመረ ግን ያኔ ግድ ነው፣ በሐኪም እጅ። አዲስ የሚወጣ ላባ ሥሩ ደም አለበት፤ ቢሰበርና ቢደማ ንጹህ ጨርቅ ላይ ዱቄት አድርገሽ ለጥቂት ደቂቃ ተጫኚው፣ ካልቆመ ሩጪ። ኬጁ ወለል ላይ ተኮራምቶ ከተቀመጠም እንደዚያው።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? ሁሉ ከተስተካከለ ለስላሳው ላባ በሳምንታት ውስጥ ብቅ ማለት ይጀምራል። ብቅ ሲል ደግሞ ያሳክከዋል፣ እንደገና ሊነጨው ይችላል፣ ያኔ ተስፋ አትቁረጪ። ሙሉ ለሙሉ ለመመለስ አንድ የላባ ለውጥ፣ ዓመት ያህል ሊፈጅ ይችላል። ደጋግሞ የነቀለበት ቦታ ሥሩ ከሞተ ግን ጨርሶ ላይበቅል ይችላል፣ ደረቱ ላይ መላጣ ይዞ ይኖራል። አራት ወር ነው ያልሽው፣ ጊዜው ገና ነው፣ ዕድል አለው። ግራጫ በቀቀን ሰው ቤት አርባ ሃምሳ ዓመት የሚኖር ወፍ ነው። የዘጠኝ ዓመቱ ገና ልጅ ነው።

አሁን ሦስት ነገር ላኪልኝ፦ የአንድ ሳምንት ክብደቱን፣ የጠዋት ኩሱን ፎቶ፣ እና የኬጁን ሽቦ በቅርብ የተነሳ ፎቶ። ከቻልሽ ደግሞ «ተው አለቃ» ሲል ቅጂልኝ። ለሙያው አይደለም፣ መስማት ፈልጌ ነው።